ስካውትነትና ወንፈል በፎገራ ሜዳ

«ስካውት» የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙዎቻችን በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቁምጣ ሱሪ የለበሰ፣ በአንገቱ ባለቀለም መሐረብ ያሰረ፣ በሦስት ጣቱ ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ ነው። ይህ ልጅ በበዓል ቀን ከመሰለፍ ሌላ ምን ሥራ እንዳለው ቢጠየቅ ግን አጥጋቢ መልስ የሚሰጠው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። አንዳንዱ «ወታደርነትን በልጅነት ማለማመድ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የከተማ ልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አባባል ጥቂት እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ነገር ግን በሁለቱም ሥር አንድ ከባድ ጥያቄ ተደብቋል፤ ይኸውም የተማረ ወጣት ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ገበሬው መንደር ለአገልግሎት ሲሄድ፣ እሱ ከተመለሰ በኋላ እዚያ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በአየር ላይ እንዳናንጠለጥለው አንድ ቦታ መርጠናል፤ ወረታንና የፎገራን ሜዳ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ወይም በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ ወረታን ያውቃታል፤ መንገዱ የሚገነጠለው እዚያ ነውና። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሐይቁ ዳር ከመሄዳችን በፊት የስካውትን ነገር ከሥሩ እንጀምር።

ነገሩ የተጀመረው በደሴት ላይ ነው። ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 መጀመሪያ ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ በደቡብ እንግሊዝ አገር ፑል በሚባለው ወደብ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ብራውንሲ ደሴት ተሻገረ። ከልጆቹ ከፊሎቹ በታላላቅ የመኳንንት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ከፊሎቹም የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በዚያን ጊዜዋ እንግሊዝ እነዚህ ሁለት ዐይነት ልጆች ከአንድ ድስት መብላታቸው እንዲያው በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጄኔራሉ ልጆቹን በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ የቡድኖቹም ስም ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ፣ አራተኛውም የአንዲት ረጅም መንቆር ያላት የውሃ ዳር ወፍ ስም ነበረ። (በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም አገር ሰው ቢሆን ኖሮ «ኮርማ» ለሚለው ስም ሳይጣላ አይቀርም ነበር።) የእያንዳንዱ ቡድን አለቃ ከልጆቹ መካከል አንዱ ነው እንጂ አዋቂ ሰው አልነበረም። ስምንት ቀን ያህል እሳት ማንደድ፣ ገመድ መቋጠር፣ ዱካ መከተል፣ የተጐዳን ሰው መርዳት ተማሩና ተመለሱ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ።

ወታደርነት ነው የሚሉት ሰዎች መነሻ አላቸው። ቤደን ፓወል በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ማፈኪንግ የምትባለውን ከተማ ሲከላከል፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1900 ለ217 ቀን ተከባ ሳለች ልጆች መልእክት እያመላለሱ ሲያገለግሉ አይቶ ነበር። ያ ጦርነት በሰው አገር መሬት ላይ ሁለት ነጮች የተጋጩበት ጦርነት መሆኑን እኛ አፍሪካውያን ሳንጠቅሰው አናልፍም። ቢሆንም ሰውየው በኋላ ለልጆች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከጠመንጃ ይልቅ የቆየችው አንዲት ትንሽ ዘዴ ናት። ስካውት በየቀኑ ዋጋ ሳይቀበል ለሰው አንድ በጎ ሥራ መሥራት አለበት፤ እንዳይረሳውም በአንገቱ ማሰሪያ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል። ይህችን ቋጠሮ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ሰውየው በመጨረሻ ዕድሜው ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ መጥቶ ኒየሪ ላይ ተቀመጠ፤ የሞተውም እዚያው በታኅሣሥ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል ኢትዮጵያ የገቡት ከዚያ በ12ኛው ቀን መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ለታሪክ ተማሪ ደስ ይላል።

ወደ አገራችን ስካውት የገባው ከ1928ቱ የፋሺስት ወረራ በፊት ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በጣት በሚቈጠርበት በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የተማሪ ልጆች የስካውት ልብስ ለብሰው ይሰለፉ ነበር። ወረራው ሲመጣ ትምህርት ቤቱም ስካውቱም አብሮ ቆመ። ፋሺስቶቹ በገዛ አገራቸውም ቢሆን ስካውትን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማለቂያ ላይ ዘግተው ልጆችን ሁሉ በራሳቸው ማኅበር ጠቅልለው ነበርና ከእነሱ ሌላ ነገር አይጠበቅም። ከነጻነት በኋላ ሥራው በየትምህርት ቤቱ እንደገና ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆነ። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ተቋረጠ፤ ወጣቱም በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተደራጀ። ማኅበሩ የዓለም ድርጅት አባልነቱን መልሶ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚያይ ስካውት በአገራችን ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ የወደቀው መንግሥት ሲለወጥ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ሥሩ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለነበረ ይመስለናል፤ ግቢው ሲዘጋ የሚሸሸግበት መንደር አልነበረውም።

መቸም ለዱር ኑሮ ትምህርት ከሆነ የቆሎ ተማሪው ማንንም ስካውት ያስንቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሹን ለምኖ፣ ጎጆውን በገዛ እጁ ቀልሶ፣ ከጋይንት ቤተልሔም እስከ ዙር አምባ በእግሩ የሚዘዋወረው ልጅ ካምፕ የሚባለውን ነገር የሚያደርገው ለስምንት ቀን ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ነው። እሱን ግን ለሰልፍ የጠራው የለም።

አሁን ወደ ፎገራ እንውረድ። ፎገራ ከጣና በስተምሥራቅ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ በኩል እየወረዱ ያቋርጡታል። ደገኛው የሚያጣውን አፈር ፎገራ ይቀበላል፤ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ከአፋቸው ይወጡና ሜዳው ሐይቅ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ የደረሰው ጎርፍ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ከነከብቱ ወደ ከፍታ ቦታ ሸሽቷል።

እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ለብቻ መኖር አይቻልም። ዋልካ መሬት ሲርስ ያጣብቃል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ የሚታረስበት፣ የሚታረምበት፣ የሚታጨድበት ቀን ጥቂት ነው። ያ ቀን ካለፈ አለፈ። ስለዚህ ገበሬው ጉልበቱን ከጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፤ ለዚህም ሁለት ታላላቅ ሥርዓቶች አሉት፤ ደቦና ወንፈል። እኛ የከተማ ተማሪዎች ሁለቱን ቀላቅለን «ያው መረዳዳት ነው» እንላለን። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው።

ደቦ የሚጠራው ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ጠላውን ይጠምቃል፣ እንጀራውን ያስጋግራል፣ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም ይመጣል፣ እየዘፈነ ያጭዳል፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ባሏ ለሞተባት ሴት ወይም ለታመመ ሰው ሲሆን ደግሞ ድግሱ ቢያንስም ማንም ቅር አይለውም። ወንፈል ከዚህ ይለያል። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ካረምህ፣ እኔም በሳምንቱ ለአንተ አንድ ቀን አርማለሁ። በሬ ያለው በሬውን ያመጣል፣ በሬ የሌለው በጉልበቱ ቀን ይመልሳል። የተጻፈ መዝገብ የለም፤ ዳሩ ግን የማን ቀን በማን ላይ እንዳለ የማይታወቅበት መንደር አይገኝም። ቀን የበላ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ወንፈል ጓደኛ አያገኝም፤ ከዚህ የበለጠ ቅጣትም አያስፈልግም።

እንግዲህ ያችን የስካውት ቋጠሮ እናስታውስ። የስካውት ቋጠሮ በጎ ሥራው ሲሠራ ማታ ይፈታል፤ ልጁም ዕዳ የሌለበት ሆኖ ይተኛል፤ የተረዳው ሰውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀራል። የወንፈል ቋጠሮ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ስጦታ ሁለቱን ሰዎች ያለያያል፤ ወንፈል አንድ ቀን በሰጡ ቁጥር እንደገና ለመገናኘት ያስገድዳል። በፎገራና በአካባቢው ባለፉት ሰባ ዓመታት ከውጭ የመጡትን የአገልግሎት ሥራዎች በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ብዙ ነገር ይገለጥልናል።

ከሁሉ በፊት የጎንደሩን የጤና ጥበቃ ኮሌጅ እናንሣ። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዚህም ምክንያት መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ጋር በ1947 ዓ.ም. ኮሌጁን በጎንደር ከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም፤ ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረ ሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነው። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር የጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ ገና ተማሪ ሳሉም በሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። የምንጭ ውሃ መከለልን፣ መጸዳጃ መቈፈርን፣ ወሊድ መከታተልን የተማሩት እዚያው ነው። ወባው ግን አልተኛም፤ በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. በቀጠለው ታላቅ ወረርሽኝ በአገሪቱ ደጋማ ክፍል 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ ተከትሎ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ኮሌጅ ከመጡት አገልግሎቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ነው፤ ምክንያቱም አልተመለሰም፤ እዚያው ቀርቶ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ቀጥሎ የእኛው የተማሪዎች ታሪክ ይመጣል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ተጀመረ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። አስተማሪ በጠፋበት አገር አንድ ዓመት እንኳ ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ስለ አገሩ የተማረው ካስተማረው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጥተዋል፤ የገጠሩ ጉዳይ ተማሪውን የያዘው በአንድ በኩል ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም ከወላጆቻችን ሰምተናል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና 60,000 ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች በመላው አገሪቱ ተሠማሩ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት ዐዋጅ ለገበሬው ያስረዱት፣ የገበሬ ማኅበር ያቋቋሙት፣ ፊደል ያስቈጠሩት እነዚህ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው ያልተመለሱም አሉ። ስለ ዘመቻው መልካምነትና ክፋት በዚህ ገጽ አንከራከርም፤ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘማቹ መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ፤ ገበሬው ለዘማቹ የሚመልሰው ቀን አልነበረውም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይሻል ነበር፤ ያነበበ ሰው አስተማሪው ቢሄድም ንባቡን ይዞት ይቀራልና።

ስለ ሩዝ ጥቂት ሳንል ማለፍ አንችልም። ዛሬ ወረታ ስትደርሱ የምትሰሙት የመፈልፈያ ድምፅ ከጥንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ሩዝ አስተከሉ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ባለሙያዎቹም ሄዱ። ሩዙ ግን አልሄደም። በክረምት ውሃ ተኝቶበት ጤፍ የማይሆነውን መሬት ሩዝ ወደደው፤ ገበሬውም ዘሩን ከጎረቤቱ እየተበደረ፣ አረሙን በወንፈል እያረመ አስፋፋው፤ እንጀራውንም ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ጋገረው። ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል የሚገኘው ፎገራ ላይ ነው። ትእዛዙ ከላይ ወርዶ የነበረውን ነገር ገበሬው የራሱ ያደረገበት እንዲህ ያለ ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እምቦጭ የሚባለውን አረም የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን በኩል በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በምሥራቁ ዳርቻ እየተስፋፋ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን አዳርሷል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ በርብና በጉማራ እየወረደ ይቀልበዋል፤ ስለዚህ የጉና ገበሬ ማሳ ያለ እርከን ሲቀር የሚጠቀመው እምቦጭ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና 37 ያህል ደሴቶች ያሉት ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ነው፤ ደሴቶቹም እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና እንደ ጣና ቂርቆስ ያሉ ገዳማት መኖሪያ ናቸው። ለፎገራ ገበሬ ግን ነገሩ ከዚህ ይቀርባል። እምቦጩ የከብቱን ውሃ መጠጫ ይዘጋል፣ የዓሣ አጥማጁን መረብ ይይዛል፣ ሐይቁ ሲሸሽ በግጦሹና በሩዝ ማሳው ላይ ተነጥፎ ይቀራል።

ማሽን ተሞክሯል። ማሽን ጥልቅ ውሃ ላይ ይሠራል፤ የፎገራ ዳርቻ ግን ጥልቀት የሌለው ጭቃ ነው፤ ማሽኑ አይቀርበውም። ስለዚህ የሰው እጅ አስፈለገ። ወጣቶች ከየከተማው መጡ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ላኩ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 200 ያህል የኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለት «ጣና የኛ» ብለው ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው መጥተው ውሃ ውስጥ ገቡ። የዚያን ዓመት የአገራችንን ሁኔታ የሚያስታውስ ሰው ይህ ከአረም ነቀላ የበለጠ ነገር እንደነበረ ያውቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ወር የታሰበ ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ።

ሥራውን ላላዩት ለማስረዳት ያህል፤ ሰዎች በሰልፍ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፤ አረሙን ከነሥሩ እየነቀሉ እጅ በእጅ ወደ ዳር ያስተላልፋሉ። ሥሩ ረጅምና ጥቁር ነው፤ ውሃ ስለሚሸከም አንድ እቅፍ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አልቅት አለ፤ ብልሃርዝያም አለ፤ ስለዚህ ቦት ጫማና ጓንት የሌለው ሰው ባይገባ ይሻላል። ከእኛም መካከል ሁለት ቅዳሜ ያህል ቆመን የነቀልን አለን። ጠዋት የተነቀለው ቦታ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ከሌላ በኩል በመጣ እምቦጭ ሲሸፈን ማየት ለፎቶግራፍ የሚመች ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ተነቅሎ በውሃው አፋፍ ላይ የተከመረው ነው። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ከፍ ይልና ክምሩን ከነዘሩ መልሶ ይወስደዋል። ክምሩ ከጎርፉ መድረሻ በላይ ተወስዶ ደርቆ መቃጠል አለበት፤ ይህንን ደግሞ ለአንድ ቀን የመጣ ሰው አይጠብቀውም፤ በዋገጠራና በናበጋ የሚኖር ሰው ነው የሚጠብቀው።

የሐይቁ ዳር ገበሬ ታዲያ ለምን በየዓመቱ አይጨርሰውም ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይህ ጥያቄ የሚመጣው የገበሬውን የቀን መቍጠሪያ ካለማየት ነው። ሐይቁ ሞልቶ አረሙ ወደ ዳር የሚገፋው ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ነው፤ ነቀላው የሚመቸውም ጥቅምትና ኅዳር ነው። በዚሁ ጊዜ እርጥበቱ ሳይሸሽ ጓያው መዘራት አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ሩዙ ይታጨዳል። ሩዝ ከበሰለ በኋላ ከቆየ ይረግፋል። እንግዲህ በቀበሌ ስብሰባ «ነገ ሁሉም ለእምቦጭ ይውጣ» ሲባል፣ የሚወጣው ገበሬ የልጆቹን እህል ማሳ ላይ ትቶ ነው የሚወጣው። ከውጭ የመጣው ወጣት የሰጠው ቅዳሜውን ነው፤ ገበሬው የሚሰጠው ዓመቱን ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «በጎ ፈቃድ» ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ራሱ ለመንገደኛ አስቸጋሪ ሆኗል። ከሩቅ በአውቶቡስ የሚመጣ ዘማች የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። እምቦጭ ግን መንገድ ይከፈትልኝ አይልም።

በዚህ ቦታ ላይ ስካውት አንድ የሚያበድረን ነገር አለው፤ እሱም መሐረቡ ሳይሆን ቡድኑ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ልጆች፣ አለቃቸው ከራሳቸው መካከል፣ የሚጠብቁት ቦታ ተለክቶ የታወቀ። በሐይቁ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት አለ፤ በየትምህርት ቤቱም ከዋና እስከ ታንኳ መቅዘፍ የሚያውቁ ልጆች ሞልተዋል። ሺህ ሰው በአንድ ቀን ከሚነቅለው ይልቅ፣ ስምንት ልጆች በየሳምንቱ ያንኑ ሁለት መቶ ሜትር ዳርቻ እየተመላለሱ አዲስ የበቀለውን ገና ሳያብብ ቢለቅሙት ዘሩ ወደ ጭቃ አይገባም። ዘሩ 20 ዓመት ስለሚቆይ ሥራውም የአንድ ክፍል ተማሪ ሥራ አይደለም፤ የዛሬዎቹ ሲያድጉ ቦታውን ለታናናሾቻቸው ማስረከብ አለባቸው። ለዚህ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። የልጆቹ ጤና ነገር ግን መታሰብ አለበት፤ ቦት ጫማውና የብልሃርዝያ ምርመራው ሳይዘጋጅ ማንም ልጅ ወደ ውሃ መላክ የለበትም።

የእኛስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ድርሻ? መንገዱ ሲፈቅድ፣ ቅርብ የሆንነው ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ታቦርና ከጎንደር፣ ወንፈል እንግባ ነው የምንለው። ይኸውም እምቦጩን ለመንቀል ሄደን ለፎቶግራፍ ከመቆም ይልቅ፣ ገበሬው ጥቅምት ላይ ለሐይቁ አንድ ቀን ከሰጠ፣ እኛ ኅዳር ላይ በሩዝ ማሳው አንድ ቀን እንመልስለት። በስሙ ቀኑ ይያዝ፤ ማን ለማን ስንት ቀን እንዳለበት የቀበሌው ሰው ይወቀው። ቀን የበላ ተማሪም በሚቀጥለው ዓመት ወንፈል ጓደኛ አያግኝ።

አንድ ችግር እንዳለ እናውቃለን። ማጭድ ይዞ የማያውቅ የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚያጭደው የገበሬውን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ የሚያረግፈው አይጠፋም። ስለዚህ የአንድ ገበሬ ቀን በሁለት ተማሪ ቀን ይመለስ ወይስ በሦስት የሚለውን ሒሳብ ለፎገራ ሰዎች እንተወዋለን፤ በሬን በሰው ጉልበት ሲመነዝሩ የኖሩ ናቸውና ዋጋችንን ለመተመን አይቸገሩም። የኅዳሩ አጨዳ ከሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ግን ቀኑን ከአሁኑ መነጋገር ይገባል።